ደም የማያቀጥነው ደም ማቅጠኛ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

አክስቴ የጉልበት ቀዶ ጥገና ካደረጉ ዛሬ ስድስተኛ ቀናቸው ነው። እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል፤ ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ልጃቸው ቡና ታፈላለች። ከመሳቢያው መድኃኒት የተሞላ ትንሽ ሲሪንጅ አወጡና «አንተ የሐኪም ቤት ሰው አይደለህ? በል ውጋኝ» አሉኝ። እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ደም መቅዳት እንጂ መውጋት አይደለም ልል አሰብኩና ተውኩት። ከእምብርታቸው ራቅ ብሎ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጬ መርፌውን ሰደድኩት።

«ለመሆኑ ይኼ ደም ማቅጠኛ የሚሉት ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ከእንስሳ ነው፣ እትዬ።»

«ከየትኛው እንስሳ?»

ጀበናው ገነፈለ። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። እግዜር ይስጠውና ጥያቄው እዚያው ተረሳ ብዬ ስጽናና፣ አክስቴ ሁለተኛውን ስኒ እያነሱ «አጣርተህ ትነግረኛለህ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

እውነቱን ለመናገር መልሱን አውቀዋለሁ። ሲሪንጁ ውስጥ ያለው ከሄፓሪን የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ሄፓሪን ደግሞ ዛሬ በብዛት የሚወጣው ከአሳማ አንጀት ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ላልሻሩ ሴት ይህን እንዴት አድርጌ እንደምናገር ነው የጠፋኝ።

ከዚህ ቤት ወደ ቶሮንቶ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወደ ስዊድን፣ መጨረሻዬ የሦስት ቀን የሙያ ሥልጠና የሚጠብቀኝ ባዝል ነው። እግረ መንገዴን የዚህን መድኃኒት ዱካ ልከተል ወሰንኩ። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ሌሊት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰውነቴ ገና አዲስ አበባ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ኃላፊያችን የነበሩት ጋሼ በክዳናቸው ቀለም የተለያዩ ቱቦዎች ደርድረው ሲያስተምሩኝ ትዝ ይለኛል። ቀይ ክዳን፦ ደሙ ውስጡ ይረጋል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀህ ከላይ የሚቀረውን ሴረም ትወስዳለህ። ሐምራዊና ሰማያዊ ክዳን፦ ደሙ አይረጋም፤ ምክንያቱም ቱቦው ውስጥ ያለው ኬሚካል ካልሲየሙን ጠራርጎ ይይዘዋል፣ ያለ ካልሲየም ደግሞ መርጋት የለም። አረንጓዴ ክዳን፦ የቱቦው ግድግዳ በሄፓሪን የተቀባ ነው፤ ደሙ አይረጋም፣ በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይዘቅጥና ከላይ ጠጅ የመሰለ ፕላዝማ ይቀራል። ለአስቸኳይ ምርመራ አረንጓዴውን የምንመርጠው እስኪረጋ መጠበቅ ስለማያስፈልግ ነው። ደም ሲረጋ ፕሌትሌቶች ፖታሲየም ስለሚለቁ፣ የፖታሲየም ውጤትም በፕላዝማ ይበልጥ ይታመናል።

አንድ ቀን የአረንጓዴውን ቱቦ ሳልገለብጥ መደርደሪያ ላይ ተውኩት። ስመለስ ውስጡ የጉበት ቁራጭ የሚመስል ነገር ተጋግሯል። ጋሼ ቱቦውን ብርሃን ላይ አንስተው አዩና «ስምንት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ቀስ እያልክ ገልብጠው። ካላገናኘኸው በምን ይሠራል?» አሉኝ። ሄፓሪንና ደሙን ካላገናኘሁ ማለታቸው መስሎኝ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ ይህን ጉዞ ስጀምር ነው ሌላም መገናኘት እንዳለ የገባኝ።

በአማርኛ ወተት ይረጋል፣ ደም ይረጋል፣ ሰውም ይረጋል። የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል እንላለን፤ የረጋ ሰው ይመሰገናል። ከሦስቱ ሕይወት የሚያጠፋው የደሙ ብቻ ነው፣ እሱም ቦታውን ሲስት። ያለ ቦታው የእግር ደም ሥር ውስጥ ረግቶ፣ ተቆርሶ ሳንባ ላይ ሲሰነቀር ይገድላል። በቦታው ግን ባለውለታችን ነው፤ ደማችን ባይረጋ ኖሮ ሽንኩርት ስንከትፍ በቆረጥናት ጣት እናልቅ ነበር።

ባልቲሞር

ከዋሽንግተን ዩኒየን ጣቢያ ባቡር ይዤ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ባልቲሞር ገባሁ። የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አሮጌው ሕንፃ ብሮድዌይ ላይ በቀይ ጡብና በጉልላቱ ከሩቅ ይታያል። ከጉልላቱ ሥር እጆቹን ዘርግቶ የቆመ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የእብነ በረድ የክርስቶስ ሐውልት አለ። አላፊ አግዳሚው፣ በተለይ ታማሚ ያለው ሰው፣ የእግሩን ጣት ዳስሶ ያልፋል። እኔም ዳሰስኩ፤ የአክስቴን ጉልበት አስቤ።

የሄፓሪን ነገር የተጀመረው እዚሁ ግቢ ነው፤ በ1916። ጄይ ማክሊን የሚባል የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ ልጅ ነው፤ ለትምህርቱ የሚሆነውን ገንዘብ ራሱ ሠርቶ ያጠራቀመ። የፊዚዮሎጂው መምህር ዊልያም ሃውል አንድ ሥራ ሰጡት፦ ከአንጎል የሚወጣውንና ደምን የሚያረጋውን ቅባት መሰል ነገር አጣርተህ አውጣ። ልብ በሉ፣ የታዘዘው የሚያረጋውን እንዲፈልግ ነው።

ማክሊን ከአንጎል አልፎ ከልብና ከጉበትም ተመሳሳይ ነገር ጨመቀ። ጭማቂዎቹን አልደፋቸውም፤ የማርጋት ኃይላቸው ከጊዜ ጋር መቀነስ አለመቀነሱን ለማየት አስቀምጦ በየጊዜው ይፈትናቸው ነበር። ከጉበት የወጣው ቀን በገፋ ቁጥር የማርጋት ኃይሉ ደከመ። ከዚያ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ የተጨመረበት ደም ከተለመደው ሰዓቱ ዘግይቶ ይረጋ ጀመር።

ማክሊን በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ነገሩን ለሃውል ሲነግራቸው አላመኑትም። የድመት ደም በብርጭቆ ቀድቶ፣ ከጉበቱ ጭማቂ ጨምሮ አማሰለውና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠላቸው፤ ሲረጋ እንዲጠሩት ነግሯቸውም ወጣ። ደሙ አልረጋም።

በ1918 ሃውልና ኤሜት ሆልት የሚባል ሌላ ተማሪ ከጉበት ላወጡት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስም አወጡለት፤ ግሪኮች ጉበትን «ሄፓር» ስለሚሉት ሄፓሪን አሉት። የኃይሉም መለኪያ ከድመት አልራቀም፤ አንድ የሃውል ዩኒት ማለት አንድ ሚሊ ሊትር የድመት ደም በዜሮ ዲግሪ ለ24 ሰዓት ሳይረጋ የሚያቆይ መጠን ነው።

ማን አገኘው የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ማክሊን ያገኘው በቅባት የሚሟሟ ነገር ነበር፤ ሃውል በ1920ዎቹ ያወጡትና ዛሬ ሄፓሪን የምንለው ግን በውሃ የሚሟሟ የስኳር ሰንሰለት ነው። እኔ ዳኛ አይደለሁም። የደነቀኝ ሌላ ነው፦ ልጁ የተላከበትን ዕቃ ሳይሆን ተቃራኒውን ይዞ ተመለሰ፣ መምህሩም ብርጭቆው ጠረጴዛቸው ላይ ሲቀመጥ አላስነሱትም።

ቶሮንቶ

የአጎቴ ልጅ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ በየሁለት እርምጃው በሚያጋጥመው የሐበሻ ምግብ ቤት ክትፎ ካላበላሁህ ብሎ አዘገየኝ። ኮሌጅ ስትሪት የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው።

እዚህ አካባቢ ነው ኢንሱሊን የተወለደው። ቻርለስ ቤስት በ1921 ከፍሬድሪክ ባንቲንግ ጋር ኢንሱሊን ሲያገኝ ገና ወጣት ረዳት ነበር። የ1923ቱ የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክሎድ ሲሰጥ የእሱ ስም አልነበረበትም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፊቱን ወደ ሄፓሪን አዞረ። ያኔ ሄፓሪን ብጥስጣሽ ዱቄት ነበር፤ ቆሻሻው ብዙ፣ ሰው ላይ ቢወጋ የሚያንዘፈዝፍና የሚያሳምም። ቤስት አርተር ቻርልስና ዴቪድ ስኮት የተባሉ ሁለት ኬሚስቶችን ሥራው ላይ አሰማራ።

ከበሬ ጉበት ጀመሩ። ከዚያ የበሬ ሳንባ በሄፓሪን ምንጭነት ጉበቱን ሊተካ እንደሚችል አገኙ፤ ስሙ ከጉበት ቢቀዳም ነገሩ በሌላም የአካል ክፍል ሞልቷል። የአሠራሩ አንዱ ደረጃ የተፈጨውን ሥጋ ለአንድ ቀን ያህል ራሱን በራሱ እንዲፈጭና እንዲብላላ መተው ነው። የሽታውን ነገር ለአንባቢ እተዋለሁ፤ ሰኔ ላይ ከቄራ ጀርባ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ሽታ ውስጥ ነጭ፣ ንጹሕ፣ በጨው ውሃ ተበጥብጦ በደም ሥር ሊሰጥ የሚችል ዱቄት ወጣ። በ1935 እዚሁ ቶሮንቶ ሰው ላይ ተሞከረ፤ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጎርደን መሪ የደም ሥር ሲሰፉ በሰፉት ቦታ ላይ ደም እንዳይረጋ ተጠቀሙበት።

በዚያው ሰሞን ስዊድን ውስጥ ኤሪክ ዮርፔስ በሌላ በር ገባ። በባልቲክ ባሕር ካሉት የኦላንድ ደሴቶች የተወለደ የዓሣ አጥማጅ አገር ሰው ነው፤ በ1929 ቶሮንቶ መጥቶ ኢንሱሊን እንዴት እንደሚመረት ተምሮ ተመልሷል። ሄፓሪን ሰልፈር የተሸከመ የስኳር ሰንሰለት መሆኑን በ1935 ያሳየው እሱ ነው። ሐኪሙ ክላረንስ ክራፎርድም ስቶክሆልም ላይ ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው ሰዎች አስቀድመው መስጠት ጀመሩ። አክስቴ ዛሬ የሚወጉት የዚያ ልማድ የልጅ ልጅ ነው።

ከሄፓሪን በኋላ ደም ከሰውነት ውጭ መጓዝ ቻለ። ዊለም ኮልፍ በ1943 በጀርመን በተያዘችው ኔዘርላንድ፣ ካምፐን ከተማ ውስጥ የኩላሊት ማጠቢያ መሣሪያ ሲሠራ፣ ደሙን ያሳለፈው ቋሊማ ለመሙላት በተሠራ የሴሎፎን ቱቦ ነው፤ እንዳይረጋ ደግሞ ሄፓሪን ጨመረበት። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለእጥበት የሚቀመጥ ወገናችን ደሙ በዚያ ቀጭን መስመር ወጥቶ የሚመለሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

አየር ላይ፣ ከቶሮንቶ ወደ ስቶክሆልም

ጎረቤቴ ተኝቷል። እኔ የምግብ ማስቀመጫዋን ዘርግቼ በናፕኪን ላይ እየሣልኩ ነው።

ፕላዝማ ውስጥ ደምን የሚያረጉት ፕሮቲኖች ተኝተው የሚዞሩ ናቸው። የደም ሥር ሲቆረጥ፣ ወይም ደሙ የብርጭቆ ግድግዳ ሲነካ፣ አንዱ ይነቃና ቀጣዩን ይቀሰቅሳል። መልእክቱ እየተቀባበለ ፋክተር አሥር ላይ ይደርሳል። የነቃው ፋክተር አሥር ትሮምቢንን ይቀሰቅሳል፤ ትሮምቢን ደግሞ መቀስ ነው። በፕላዝማው ውስጥ የሟሟውን ፋይብሪኖጅን ጫፍ ጫፉን ይከረክመዋል፤ የተከረከመው ፋይብሪን እርስ በርሱ ተያይዞ ክር፣ ክሩም መረብ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ደም ውስጥ በየቀኑ ይፈጸማል፤ የሚታሰረው አንበሳ ቀይ የደም ሕዋስ ነው።

ታዲያ ሄፓሪን የቱን ነው የሚመታው? እኔ ስማር የተያዘልኝ መልስ ትሮምቢንን የሚል ነበር። ተሳስቻለሁ።

በ1939 አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ኬነት ብሪንክሃውስና ባልደረቦቹ አንድ ቀላል ነገር አሳዩ። የተጣራ ፋይብሪኖጅን፣ የተጣራ ትሮምቢን፣ ሄፓሪንም አንድ ላይ ቢጨመሩ ይረጋል፤ ሄፓሪኑ እዚያው ቆሞ እያየ ይረጋል። ከፕላዝማ የሚገኝ አንድ ነገር ሲጨመር ግን መርጋቱ ይቆማል። ስለዚህ ሄፓሪን ብቻውን ባዶ እጁን ነው። ሥራው የሚሆነው ፕላዝማ ውስጥ ካለ አንድ አጋር ጋር ሲገናኝ ነው።

አጋሩ አንቲትሮምቢን ይባላል። ጉበት የሚሠራው፣ በደማችን ሁልጊዜ የሚዞር ፕሮቲን ነው። ከሰውነቱ እንደ ወጥመድ ማታለያ የተዘረጋ አንድ ዙር አለው። ትሮምቢን የሚቆረጥ ክር ያገኘ መስሎት ይነክሰዋል፤ እንደነከሰ ይቀራል፤ ወጥመዱ ይዘጋና ሁለቱም አብረው ይወገዳሉ። ንብ አንዴ ነድፋ እንደምትሞት ሁሉ አንቲትሮምቢንም ለአንዴ ብቻ ነው። ችግሩ ዘገምተኛ መሆኑ ነው። ዙሩ በከፊል ወደ ውስጥ ስለተሰበሰበ የሚያልፈው ትሮምቢን ቶሎ አይነክሰውም።

ሄፓሪን ሲመጣ አንቲትሮምቢንን ጎኑ ላይ ይይዘዋል። ሲይዘው ቅርጹ ይለወጣል፤ የተሰበሰበው ማታለያ ብቅ ይላል። ሰንሰለቱ ረጅም ከሆነ ደግሞ ትሮምቢንም እዚያው ሰንሰለት ላይ ያርፍና እየተንሸራተተ ወጥመዱ አፍ ላይ ይደርሳል። ቀርፋፋው አንቲትሮምቢን በሺህ እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ወጥመዱ ሲዘጋ ሄፓሪኑ ይለቃል፣ ሳይነካና ሳይጎድል ወደ ሌላ አንቲትሮምቢን ይሄዳል።

ደላላ ነው! ገዥና ሻጭን አገናኝቶ፣ ውሉ ሳይደርቅ ሌላ ቤት ለማሳየት የሚሮጥ ደላላ። ልዩነቱ ኮሚሽን አለመጠየቁ ብቻ ነው።

መስኮቱ ሥር ኖርዌይ በበረዶ ተሸፍና ትታያለች። ኦላቭ ኤገቤርግ በ1965 ስለ አንድ ቤተሰብ የጻፈው እዚች አገር ሆኖ ነው። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ደም ያለ ቦታው እየረጋ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ሲመረመሩ አንቲትሮምቢናቸው ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ የተለመደው የሄፓሪን መጠን ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። ሻጭ ከሌለ ደላላ ምን ያደርጋል?

ጋሼ «ካላገናኘኸው በምን ይሠራል?» ያሉኝን ናፕኪኑ ላይ ጻፍኩት።

ኡፕሳላ

ከስቶክሆልም በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው። የካቴድራሉ መንትያ ሾጣጣ ግንቦች ከጣቢያው ይታያሉ፤ ዕፅዋትንና እንስሳትን በሁለት ስም መጥራት ያስተማረው ሊኒየስ ወለሉ ሥር ተቀብሯል። ለሁሉ ነገር ስም ካወጣው ሰው መቃብር አጠገብ ቆሜ ያሰብኩት ስለ አምስት ስኳሮች ነው።

የሄፓሪን ዱቄት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ረጅምና አጭር ሰንሰለቶች የተቀላቀሉበት ነው። በሕይወት ያለ ነገር ከሚሠራቸው ሞለኪሎች ሁሉ እንደ እሱ የኔጌቲቭ ቻርጅ የታጨቀበት አይታወቅም። ግን ከሰንሰለቶቹ አንቲትሮምቢንን አጥብቆ የሚይዘው ሲሶው ያህል ብቻ ነው። ለምን? በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ኡፕሳላ የኡልፍ ሊንዳል ቡድን፣ ሌሎችም በሌላ አገር፣ መልሱን አገኙ። ቁልፉ በተወሰነ ቅደም ተከተል የተደረደሩ አምስት ስኳሮች ናቸው። ከአምስቱም መካከለኛው ላይ አንዲት የሰልፌት ቅንጣት ካልተሰካች ቁልፉ አይገባም። አንዲት ቅንጣት!

የአክስቴ ሲሪንጅ ነገር እዚህ ላይ ተፈታልኝ። ፋክተር አሥርን ለማስያዝ አምስቱ ስኳሮች ይበቃሉ፤ የአንቲትሮምቢን ቅርጽ መለወጡ ብቻውን ይሠራል። ትሮምቢንን ለማስያዝ ግን ሁለቱንም የሚያሳርፍ ቢያንስ 18 ስኳር ያህል ርዝመት ያስፈልጋል። ሆስፒታል ውስጥ በግሉኮስ የሚንጠለጠለው ሄፓሪን ረጅም ሰንሰለት ስላለው ሁለቱንም ያስይዛል። አክስቴ ቤት የሚወጉት ደግሞ ተቆራርጦ ያጠረው ነው፤ በዋናነት ፋክተር አሥርን ነው የሚያስይዘው። ውጤቱ አስቀድሞ ስለሚገመት በየሰዓቱ ደም እየተቀዳ መለካት አያሻውም፤ ሶፋ ላይ ተኝቶ፣ ቡና እየተፈላ፣ መርፌ በማያውቅ የወንድም ልጅ ይወጋል።

ፈረንሳዮች አምስቱን ስኳሮች ከእንስሳ ሳይሆን በላብራቶሪ ቀምመው ሠሯቸው። ይህ ከአሳማ ጋር ዝምድና የሌለው መድኃኒት በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ለአክስቴ ልነግራቸው ብዬ አሰመርኩበት፤ ሆኖም ሁሉም ቦታ አይገኝም፣ ለሁሉም ሕመምተኛም አይሆንም።

ያልሄድኩበት አገር

ቻይና አልሄድኩም፤ ግን ስለ ሄፓሪን ጽፎ ቻይናን ማለፍ ስለ ቡና ጽፎ ከፋን እንደማለፍ ነው። የዓለም አሳማ ግማሽ ያህሉ የሚረባው እዚያ ነው። ቄራ ውስጥ አንጀቱ ለቋሊማ ልባስ ሲፋቅ የሚወጣው የውስጥ ሽፋን ነው ጥሬ ዕቃው። በኢንዛይም ይፈጫል፣ ሄፓሪኑን የሚይዝ ሬዚን ውስጥ ያልፋል፣ በአልኮል ይዘቅጣል፣ ይደርቃል። አንድ ኪሎ ለማግኘት ወደ 3,000 የሚጠጋ የአሳማ አንጀት ይፈልጋል።

የከብቱስ የት ሄደ? በ1990ዎቹ የእብድ ላም በሽታ ስጋት አሜሪካ ከከብት የሚሠራውን እንድትተው አደረጋት። ብራዚል፣ አርጀንቲናና ሕንድ ግን አልተዉትም። ከአፍሪካ በከብት ብዛት አንደኛ በሆነች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላባት አገር ላለ አንባቢ ይህ ሊያሳስብ የሚገባ ይመስለኛል።

በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሄፓሪን የተሰጣቸው ሰዎች፣ በተለይ የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ፣ የደም ግፊታቸው በድንገት ይወርድ ጀመር። በዚያ ሰሞን ቻይና ውስጥ የአሳማ ወረርሽኝ ስለነበር ጥሬ ዕቃው ተወዶ ነበር። ሲመረመር ከቻይና በመጣው ሄፓሪን ውስጥ በርካሽ ከእንስሳ ልምአጥንት የሚገኝ፣ ሰልፌት እንዲበዛበት ተደርጎ ሄፓሪን እንዲመስል የተሠራ ኮንድሮይቲን ተገኘ። የዚያን ጊዜው ፍተሻ ሁለቱን መለየት አልቻለም፤ ምክንያቱም ደም እንዳይረጋ ማድረጉን እንጂ ማንነቱን አይጠይቅም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከነገሩ ጋር ሊያያዙ ይችላሉ ያላቸው ሞቶች 81 ደረሱ፤ የተበከለው ምርት በ11 አገሮች ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጥሬ ዕቃ በማግኔት ማሽን ይፈተሻል። ለላብራቶሪ ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ውጤቱ ትክክል ስለመሰለ ብቻ ነገሩ ትክክል አይደለም።

ባዝል

ሥልጠናው አልቋል። ነገ ወደ ቤቴ።

ባዝል ላይ የራይን ወንዝ ሰፊና ፈጣን ነው። ፍሬድሪክ ሚሸር የሚባል ሐኪም በ1870ዎቹ እዚህ ወንዝ ዳር ይኖር ነበር። ያኔ ሳልሞን ከባሕር ተነሥቶ ለመራባት እዚህ ድረስ ይወጣ ነበር፤ ሚሸር ዓሣዎቹን እየያዘ የወንዱን ዘር ይመረምራል። በዚያ ውስጥ፣ ዛሬ ዲኤንኤ ከምንለው ነገር ጋር የተጣበቀ፣ ፖዚቲቭ ቻርጅ የበዛበት ፕሮቲን አገኘ፤ በ1874 ፕሮታሚን አለው። ሥራው ረጅሙን ኔጌቲቭ ሰንሰለት ጠቅልሎ ዘሩ ውስጥ ማስገባት ነው።

አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ሄፓሪን መጣ፤ እሱም ረጅም ኔጌቲቭ ሰንሰለት ነው። በ1937 ፕሮታሚን ዲኤንኤን እንደሚይዝ ሄፓሪንንም ይዞ እንደሚያስቀምጠው ታወቀ። እስከ ዛሬ ድረስ የልብ ቀዶ ጥገና ሲያልቅና ደሙ እንደገና መርጋት ሲኖርበት የሚሰጠው ይኸው የዓሣ ፕሮቲን ነው። የአሳማ አንጀት ደላላውን ይልካል፣ የሳልሞን ዘር ይጠራዋል።

ባዝል ውስጥ ወደ ወዲያ ማዶ መሻገሪያ የእንጨት ጀልባዎች አሉ። ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ይንጠለጠላሉ። ቀዛፊ የለም፣ ጭስ የለም። ሰውየው መቅዘፊያ መሳዩን መሪ ያዘነብላል፣ ጀልባዋ በሰያፍ ትዞራለች፣ ትሻገራለች። ተሳፍሬ መሐል ስደርስ ስልኬ ጮኸ፤ አክስቴ ናቸው።

«ነገ የመጨረሻዬን እወጋለሁ። ከምን እንደሚሠራ አጣራህ?»

ተነፈስኩ። «ከአሳማ ነው፣ እትዬ። ከአንጀቱ።»

«እሱንማ ከሆስፒታል ስወጣ ነርሷ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«ትዋሸኝ እንደሆን ላይህ ነዋ! ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ፤ መድኃኒት ነው፣ ተወጊ ብለውኛል። ይልቅ እሳቸውም ነርሷም ያልነገሩኝን ንገረኝ። ደሜን እንዴት አድርጎ ነው የሚያቀጥነው?»

«አያቀጥነውም። ደምዎ እንደ ድሮው ነው፤ አንድ ጠብታ ውሃ አልገባበትም። ደምዎ ውስጥ ቀድሞም ጠባቂ አለ፣ ግን ዘገምተኛ ነው። መርፌው እሱን ያፈጥነዋል እንጂ ራሱ ምንም አይሠራም።»

ዝም አሉ። የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነው።

«ጀልባ ላይ ነኝ አላልክም? ሞተሩ አይሰማኝም።»

«ሞተር የለውም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያሻግርህ?»

«ወንዙ።»